መብራት ሲመጣ ማን ያስነሳዋል?

በአገራችን ቪፒኤን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የተዘጋ ነገር መክፈቻ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው በነበረበት ጊዜ ስማርት ስልክ የያዘ ሁሉ አንዱን ነጻ አፕ አውርዶ ሲጠቀም ስለከረመ ይህ ግንዛቤ ሥር ሰድዷል። እዚህ የማነሳው ግን ሌላውን፣ ወሬው ያነሰውን ቪፒኤን ነው፤ ከውጭ ወደ ቤት የሚያስገባውን። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በአንድ ቤት ሳሎን ጥግ ሁለት ሃርድ ዲስክ የያዘ የኔትወርክ ማከማቻ ከራውተር ጋር በኬብል ተያይዞ ተቀምጧል እንበል። የቤቱ ባለቤት ለሥራ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ወይም ወንድሙ ሚኒሶታ ሆኖ የእናታቸውን የተቀዳ ድምፅ መስማት ሲፈልግ፣ ሌላ ሰው ሳያይ ወደዚያ ሣጥን የሚደርሱበት መስመር ነው ቪፒኤኑ። ይህን መስመር የሚዘረጋ ባለሙያ ሥራው መመዘን ያለበት በምስጠራው ጥንካሬ ወይም በፍጥነቱ አይመስለኝም። ምስጠራውን ሌሎች በሚገባ ሠርተውልናል። የእኛ ሥራ የሚለካው መብራትና ኔትወርክ ጠፍተው ሲመለሱ፣ ቤት ውስጥ ማንም ሳይነካው፣ መስመሩ በራሱ በመነሳቱ ነው።

“ጎግል ድራይቭ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?” የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ ሂሳቡ ውስጥ አለ። ሠርግ የሚቀርጽ ቪዲዮ ባለሙያ፣ ወይም የአኝዋሃ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ አዛውንቶችን ቃለ መጠይቅ ለዓመታት የሰበሰበ መምህር 2 ቴራባይት መሙላት አይከብደውም። ወደ ኢንተርኔት የሚጭንበት መስመር በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢሆን፣ ያን ሁሉ ለመጫን ከ90 ቀን በላይ ያስፈልገዋል፤ ያውም መስመሩ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ካልተቋረጠ ነው። የዳታ ፓኬጁን ዋጋ ገና አልቆጠርንም። ማከማቻው ቤት ከሆነ ግን መስመሩ ላይ የሚጓዘው የተፈለገው ፋይል ብቻ ነው። በዚያው ፍጥነት 5 ሜጋባይት የሆነች አንዲት ፎቶ በ20 ሴኮንድ ትደርሳለች። ቴሌግራም ለዕለት ተዕለት መላላኪያ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በተለመደው መንገድ የተላከን ፎቶ ይጨምቀዋል፣ የሠርግ ቪዲዮ ሙሉ ፋይልም በነጻ ከሚፈቅደው 2 ጊጋባይት በቀላሉ ይበልጣል። ስለዚህ ክልሉን ለቀው ሚኒሶታ፣ ነብራስካና አውስትራሊያ የሚኖሩ ዘመዶች ላሉት ቤተሰብ ዋናው ቅጂ እዚሁ ተቀምጦ መግቢያው ብቻ ለእነሱ ቢከፈት ይሻላል የሚለው አቋም ቅንጦት አይደለም።

መግቢያውን መክፈቻ ቀላሉ መንገድ ራውተሩ ላይ ፖርት ከፍቶ የማከማቻውን ገጽ በቀጥታ ለኢንተርኔት ማጋለጥ ነው። ይህን ፈጽሞ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ዴድቦልት የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ለኢንተርኔት የተጋለጡ የኪውናፕ ማከማቻዎችን ፋይል እየቆለፈ ከእያንዳንዱ ባለቤት 0.03 ቢትኮይን ጠየቀ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 የዌስተርን ዲጂታል ማይ ቡክ ላይቭ ባለቤቶች አንድ ቀን ሲነሱ ዕቃቸው ከሩቅ ተጠርጎ፣ የዓመታት ፎቶዎቻቸው ጠፍተው አገኙት። “ጋምቤላ ያለችውን የእኔን ሣጥን ማን ይፈልጋታል?” የሚለው ክርክር የማይሠራው እዚህ ላይ ነው። የሚፈልግ ሰው አያስፈልግም። ዓለም ላይ ያሉትን 4 ቢሊዮን ያህል የቀድሞው ዓይነት አይፒ አድራሻዎች በሙሉ አንድ ፈጣን መስመር ያለው ኮምፒውተር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አንኳክቶ እንደሚጨርስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 አሳይተዋል። የሚያንኳኳው ፕሮግራም ከተማ አይመርጥም።

ደግሞም ብዙ ጊዜ ፖርት መክፈት ቢፈለግም አይቻልም። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር በአብዛኛው የራሱ ይፋዊ አድራሻ የለውም፤ የቴሌኮም ድርጅቱ ብዙ ደንበኞችን ከአንድ አድራሻ ኋላ ያሰልፋቸዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የራውተሩን የሁኔታ ገጽ ከፍቶ የውጭ አድራሻውን ማንበብ፣ ከዚያ አይፒ የሚያሳይ ድረ ገጽ ላይ ከሚታየው ጋር ማስተያየት። ሁለቱ ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ፣ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ እዚያ ቤት ሊደርስ አይችልም። ብዙ ሰው የኢንተርኔት መመሪያ እያነበበ ሦስት ቀን የሚለፋው ይህን ሳያይ ስለሚጀምር ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፉት መመሪያዎች አብዛኞቹ ይፋዊ አድራሻ ላለው፣ መብራት ለማይጠፋበት ቤት የተጻፉ ናቸው።

መውጫው ጥሪውን መገልበጥ ነው፤ ማከማቻው ራሱ ወደ ውጭ ይደውላል፣ ዘመዶቹም ወደዚያው ቦታ ይደውላሉ፣ እዚያ ይገናኛሉ። መገናኛው ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንደኛው እንደ ቴይልስኬል ያለ ዝግጁ አገልግሎት ነው፤ ሁለተኛው ቋሚ አድራሻ ያላት ትንሽ ሰርቨር ተከራይቶ ዋየርጋርድን በራስ መጫን። ዋየርጋርድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የሊኑክስ እምብርት አካል የሆነ፣ ወደ 4 ሺህ መስመር ኮድ ብቻ ያለው፣ ስለዚህም ለመመርመር የሚያመች የቪፒኤን ፕሮግራም ነው። ሲኖሎጂ በተባለው ማከማቻ የቪፒኤን ፓኬጅ ምርጫዎች መካከል ፒፒቲፒ የሚባለው አሮጌ የቪፒኤን ዓይነት ካለ፣ ድክመቱ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የታወቀ ስለሆነ ምልክት አይደረግበት። “ቴይልስኬል የውጭ ድርጅት ነው፤ ለምን አምነዋለሁ?” ለሚለው መልሱ ብዙዎች ከሚጠብቁት ተቃራኒ ነው። በቴይልስኬል ምስጠራው ከማከማቻው እስከ ስልኩ ስለሆነ፣ በመካከል ያለው አስተላላፊ ፋይሉን ማየት አይችልም። በራስ ኪራይ ሰርቨር ላይ ግን ዋየርጋርዱ መሃል ላይ ተፈትቶ እንደገና ይመሰጠራል፤ ሰርቨሩን የሚያከራየው ድርጅት ቢፈልግ ማየት ይችላል። መፍትሔው በዋሻው፣ ማለትም በተመሰጠረው የቪፒኤን መስመር፣ ውስጥም የራሳቸው ምስጠራ ያላቸውን ኤስኤፍቲፒን ወይም ኤችቲቲፒኤስን መጠቀም ነው። ሰርቨሩን ለመከራየት ዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ በተግባር ይህ ማለት ኪራዩ በውጭ ባለው ወንድም እጅ ነው ማለት ነው። እሱ አንድ ወር ከረሳ መስመሩ ይሞታል። ለአንድ ቤተሰብ ዝግጁውን አገልግሎት እመርጣለሁ። የደንበኞቹን ምስል የሚያስቀምጥ ስቱዲዮ ወይም የሌላ ሰው መረጃ የያዘ ባለሙያ ግን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ኃላፊነቱ ከባድ ስለሆነ፣ ማን ምን እንደሚያይ በዝርዝር ሊያውቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለጋምቤላ ተቆራርጦ የሚመጣ ግንኙነት አዲስ አይደለም፤ በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና ብሪታኒያ በተፈራረሙት ውል የተከፈተው የባሮ ወደብ ከካርቱም የሚመጡትን የእንፋሎት መርከቦች ያስተናግድ የነበረው ወንዙ በሚሞላባቸው ወራት ብቻ ነበር። ነጋዴው ዕቃውን የሚያዘጋጀው መቋረጡን አስቀድሞ አውቆ ነው። የእኛም ዝርጋታ እንዲሁ ከመቋረጡ መጀመር አለበት። መብራት ሄዶ መጣ እንበል። ማከማቻው የኤሌክትሪክ ኃይል ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ የሚያዘው ምርጫ ካልበራ ሣጥኑ ጠፍቶ ይቀራል፤ ይህ አንድ ምልክት ብቻ ነው፣ ግን ባለቤቱ ሩቅ ከሆነ ሁሉም ነገር እሱ ላይ ይቆማል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ሲገዛ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይመጣል። ባትሪው ሲያልቅበት ማከማቻው በሥርዓት ይዘጋል፤ ዩፒኤሱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ መብራት ከተመለሰ ግን ማከማቻው ኃይሉ መሄዱን አላየምና አይነሳም። ስለዚህ ማከማቻው ሲዘጋ ዩፒኤሱም አብሮ እንዲጠፋ የሚያደርገው ምርጫ አስቀድሞ ሊበራ ይገባል። ዩፒኤስ የገዛ ሰው ከመግዛቱ በፊት ከነበረው የባሰ ነገር ሊገጥመው የሚችለው በዚህች ምክንያት ነው።

ሣጥኑ ተነሳ እንበል። ራውተሩም ተነስቷል፣ ነገር ግን የአካባቢው የኔትወርክ ማማ ገና ላይመለስ ይችላል። በራስ የተጫነ ዋየርጋርድ ሲጀምር የሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ ለመለወጥ ጥቂት ጊዜ ይሞክራል፣ ካልሆነለት ይተወዋል፣ ከዚያ ኔትወርኩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቢመጣም በራሱ እንደገና አይሞክርም። መድኃኒቱ በስም ፋንታ የሰርቨሩን ቁጥር መጻፍ፣ ካልሆነም በየጥቂት ደቂቃው መስመሩን ፈትሾ የሚያስነሳ ትንሽ ትእዛዝ በሰዓት መርሐ ግብር ማስገባት ነው። ሌላው ሰዓቱ ነው። የእናት ሰሌዳዋ ባትሪ የደከመባት ማከማቻ ከመብራት መጥፋት በኋላ ወደ ኋላ የተመለሰ ቀን ይዛ ትነሳለች። ዋየርጋርድ ሲጨባበጥ የሰዓት ማህተም ይልካል፤ ሰርቨሩ ከዚህ በፊት ካየው ያነሰ ማህተም ሲመጣ የተሰረቀ አሮጌ መልእክት ነው ብሎ ይጥለዋል። ቁልፉ ትክክል፣ አድራሻው ትክክል፣ ኔትወርኩ ደህና፣ መስመሩ ግን ዝም። ምንም የስህተት መልእክት አይታይም። ስለዚህ ዋሻው ከመከፈቱ በፊት ሰዓቱ ከኢንተርኔት እንዲስተካከል ቅደም ተከተሉን ማስያዝ፣ ባትሪውንም መቀየር ያስፈልጋል። በመጨረሻም ማከማቻው በየ25 ሴኮንዱ አንዲት ትንሽ ፓኬት እንዲልክ መታዘዝ አለበት፤ ያለዚያ የቴሌኮሙ መሣሪያ ግንኙነቱን ረስቶ ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ ይዘጋዋል።

ከሁሉም ጠንካራ የሆነው ተቃውሞ “ቪፒኤኑ ማከማቻው ላይ ሳይሆን ራውተሩ ላይ መሆን አለበት” የሚለው ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ንብረቱንና በሩን አንድ ዕቃ ላይ ማድረግ፣ በሩ ሲሰበር ንብረቱንም አሳልፎ መስጠት ነው። ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለው የራውተር ሶፍትዌር የሚጫንበት ራውተር ያለው ሰው በዚያው ያድርገው። አብዛኛው ቤት ያለው የሲም ራውተር ግን ይህን አይችልም። ማከማቻው ወደ ውጭ ብቻ ሲደውል ደግሞ ለኢንተርኔት የተከፈተ በር ስለማይኖረው የተቃውሞው ክብደት ይቀንሳል። ሁለተኛው ተቃውሞ መስመሩ ጭራሽ ሲዘጋ ቪፒኤኑ ምን ይጠቅማል የሚለው ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ በተቋረጠ ጊዜ የትኛውም ቪፒኤን አይሠራም ነበር። ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ግን ያኔም በዋይፋዩ ፋይሉን ያገኛል፤ ሙሉ በሙሉ ክላውድ ላይ ያስቀመጠው አያገኝም። ቪፒኤኑ ባክአፕ አለመሆኑንም እዚህ ላይ መናገር ግድ ነው፤ ሁለት ሃርድ ዲስክ አንድ ሣጥን ውስጥ መኖሩም ባክአፕ አይደለም። ሁለቱንም ያው ሙቀት ያገኛቸዋል፤ የብዙ ማከማቻዎች የሥራ ሙቀት ጣሪያ 40 ዲግሪ ነው፣ በበጋው ማብቂያ የጋምቤላ ቀትር ደግሞ ያንን የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። ሌላ ቅጂ በሌላ ቤት ይቀመጥ።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ብቻ። ዋሻው ውስጥ የማከማቻውን የጋራ ፎልደር እንደ ቤት ኔትወርክ ከፍቶ ከሚኒሶታ ማሰስ አሰልቺ ነው፤ ያ አሠራር ለእያንዳንዱ ፋይል ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስ ርቀቱ ይገድለዋል። አርሲንክ፣ ወይም ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል ሌላ መንገድ ይሻላል። የስልኩ ትራፊክ በሙሉ በጋምቤላው ቤት በኩል እንዲያልፍም አይደረግ፤ ወደ ማከማቻው የሚሄደው ብቻ በዋሻው ይለፍ፣ አለበለዚያ ዘመድ ሚኒሶታ ላይ ዩቲዩብ ሲያይ እዚህ የእናት የዳታ ፓኬጅ ያልቃል። የቤቱን የውስጥ አድራሻም አስቀድሞ መቀየር ብልህነት ነው፤ ሁለቱም ቤት 192.168.1 ወይም 192.168.8 ከሆነ ስልኩ የትኛውን ቤት እንደሚፈልግ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ርክክቡ በባለሙያውና በአንድ የቤቱ ወጣት መካከል ብቻ ማለቅ የለበትም። ለእያንዳንዱ ስልክ የራሱ ቁልፍ ይሰጠው፤ አንድ ቁልፍ ለሁሉም ማካፈል የሚያመቸው ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፣ ስልክ ሲጠፋ ግን የሁሉንም መቀየር ያስከትላል። የትኛው ቁልፍ የማን እንደሆነ፣ ሰርቨሩን ማን እንደሚከፍል፣ የማከማቻው የይለፍ ቃል የት እንደታሸገ በአማርኛና ቤተሰቡ በሚናገረው ቋንቋ በወረቀት ተጽፎ ለቤቱ ታላቅ ይሰጥ። ርክክቡ ላይም ቤተሰቡ እያየ ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይጥፋ፣ ሁለት ሰዓት ይቆይ፣ ይብራ፤ ባለሙያው ከዚያ በኋላ እጁን ሳያስገባ፣ ውጭ ያለው ዘመድ ደውሎ አንዲት ፎቶ እስኪከፍት ይጠብቅ። ፎቶዋ ካልተከፈተች ሥራው ገና አላለቀም፤ ሂሳቡንም ለመቀበል ጊዜው አልደረሰም።