ኩላሊትን በ«ዕድሜ» መመርመር፦ ቀመሩ ውስጥ ምን አለ?

ሁለት ሰዎች እኩል 40 ዓመት ሊሞላቸው ይችላል፤ ሰውነታቸው ግን እኩል አያረጅም። ይህን ልዩነት በቁጥር ለመግለጽ የሚሞክረው መለኪያ «ሥነ ሕይወታዊ ዕድሜ» ይባላል። ይህ ዕድሜ ከልደት ዕድሜ በልጦ ከተገኘ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመምን ቀድሞ ይጠቁማል የሚል ሐሳብም አለ። ደስ ይላል። ግን እስቲ ቀመሩን ከፈት አድርገን እንየው።

በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ ሞርጋን ሌቪንና ባልደረቦቿ በ2018 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ፌኖኤጅ ነው። የልደት ዕድሜንና ዘጠኝ የደም ምርመራ ውጤቶችን ይቀበላል፦ ስኳር፣ አልቡሚን፣ የነጭ የደም ሴሎች ብዛት፣ ክሬቲኒን፣ ሌሎችም። ክሬቲኒን ላይ ቆም እንበል። ከጡንቻ የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሐኪሞችም የኩላሊትን የማጣራት አቅም የሚገምቱት በአብዛኛው በእሱ ነው። ታዲያ ፌኖኤጅ የኩላሊት ሕመምን «አወቀ» ብሎ መደነቅ፣ በከፊል፣ ወጡ ላይ ራሳችን ሚጥሚጣ ነስንሰን «ኧረ እንዴት ያቃጥላል!» እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ቀድሞ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ኩላሊት ትርፍ አቅም ስላለው፣ ክሬቲኒን በግልጽ ከፍ የሚለው ብዙው አቅም ከጠፋ በኋላ ሊሆን ይችላል። በተለይ የስኳር ሕመም ባለባቸው ብዙ ሰዎች ቀደም ብሎ የሚታየው ምልክት ወደ ሽንት የሚያመልጠው አልቡሚን ነው። ፌኖኤጅ ውስጥ ያለው አልቡሚን ደግሞ የደም እንጂ የሽንት አይደለም። ስሙ አንድ፣ ወሬው ሌላ!

እንዲህ ሲባል ሐሳቡ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እርጅናና የኩላሊት መድከም በእርግጥ ይያያዛሉ። ፍትሐዊው ፈተና ግን ይህ ነው፦ ክሬቲኒንን ከቀመሩ አውጡት፤ የቀረው አሁንም ሕመሙን ይተነብያል? ከተለመዱት የደምና የሽንት ምርመራዎች በላይስ ምን ጨመረልን? ለእነዚህ መልስ የማይሰጥ ጥናት ስታነቡ በቀላሉ አትደነቁ።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የኩላሊት ሕመም ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ሕመም አይሰማም። አንድ የደም ግፊት ያለበት ሰው «ሰውነትህ ገና ወጣት ነው» የሚል ቁጥር አይቶ የሽንት ምርመራውን ቢተወው፣ የሚከፍለው በኩላሊቱ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ፣ ስንት ዓመት እንደሚመስል ከማስላታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ሽንትህን የተመረመርከው መቼ ነው?»