የነዳፊው ነው ወይስ የጠራቢው?

የፎርሙላ ዋን ወዳጆች የማይሰለቻቸው ሙግት አለ፤ ድሉ መኪናውን የነደፈው ነው ወይስ የነዳው? እ.ኤ.አ. በ2023 ሬድ ቡል ከ22 ውድድሮች 21ዱን አሸነፈ። 19ኙን የወሰደው ማክስ ቨርስታፐን ነው፤ ሰርጂዮ ፔሬዝ በዚያው ዓይነት መኪና ያገኘው ሁለት ብቻ። ይህን ያየ ለሹፌሩ ይፈርዳል። በ1990ዎቹ ግን መኪና ነዳፊው አድሪያን ኒዊ እጁን ባስገባባቸው የዊሊያምስ መኪኖች ማንሴል፣ ፕሮስት፣ ሂልና ቪልኔቭ በየተራ ሻምፒዮን ሆነዋል። እዚያ ደግሞ ፍርዱ ወደ ነዳፊው ያደላል። እንዲህ አንዱን አጽንቶ ሌላውን መለወጥ ሲቻል ነው ሙግቱ ፍሬ የሚያፈራው።

ላሊበላም ላይ ይኸው ጥያቄ መነሣት አለበት ባይ ነኝ። ጎብኚው “ይህን የሰው እጅ ሠራው?” ብሎ ይገረምና ያልፋል። መገረሙ አይከፋም፤ ከ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የትኛው በምን እንደሚበልጥ ግን አይነግረውም። የንጉሥ ላሊበላ ገድል ራሱ ሁለቱን ሥራዎች ይለያቸዋል፦ ንጉሡ አብያተ ክርስቲያናቱን በሰማይ አየ፣ ከዚያ ወርዶ በሰዎችና በመላእክት እጅ አሠራቸው። የንጉሡ ስም ለከተማዋ ተረፈ። የጠራቢዎቹ ስም የለም። ስለዚህ ድርሻቸውን ከድንጋዩ ላይ ማንበብ ግድ ይላል።

ነዳፊውን የሚፈልግ ከጣሪያ ይጀምር። ግንበኛ ከመሠረት ተነሥቶ እያየ እያረመ ይወጣል፤ ውቅር ሥራ ግን ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ቤተ ጊዮርጊስን አፋፉ ላይ ቆመው ይመልከቱ። ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡት መስቀሎች ሲጠረቡ፣ ከዚያ 12 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚያርፈው ባለ ሦስት እርከን መሠረት ገና ያልተነካ ዓለት ነበር። የበሩ ከፍታ፣ የመስኮቶቹ ተርታ፣ ውስጥ ሳይነካ የሚቀረው ዓምድ፣ ሁሉም አስቀድሞ መታሰብ ነበረበት። የላስታ ክረምት ጣሪያው ላይ የሚያወርደው ዝናብ እንኳ አልተረሳም፤ አሸንዳዎቹን ይፈልጉ። ከዚያ መስኮቶቹን ይቁጠሩ። በላይ 12 ክፍት መስኮቶች አሉ፣ አናታቸው በቅጠልና በአበባ ሐረግ ያጌጠ። በታች ዘጠኝ አሉ፣ ሁሉም ድፍን። ብርሃን ከላይ ብቻ ይግባ ብሎ የወሰነው ነዳፊው ነው፤ ማንም ጠራቢ በጉልበቱ ይህን አያመጣውም።

ጠራቢውን ለማግኘት ግን ወደ ቤተ አማኑኤል መሄድ ይሻላል። ንድፉ አዲስ አይደለም። ገባ ወጣ እያለ የተነባበረው ግድግዳ ከአክሱም የወረደ የግንባታ ስልት ነው፤ ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ፣ ዋሻ ውስጥ በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እውነተኛው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ ይታያል። እዚያ እንጨቱ ግድግዳውን ለማሰር የገባ ነው። አማኑኤል ላይ የሚታሰር ነገር የለም፤ ሁሉም አንድ ዓለት ነው። ጠራቢው የግንበኛንና የአናጢን ሥራ በመሮ ብቻ ደገመው። መኪናው የታወቀ፣ ሹፌሩ አዲስ እንደ ማለት ነው። እዚህ መመርመር ያለበት ማዕዘኑ ነው። ወጣ ያለው ንብርብር ማዕዘኑን ሲታጠፍ መስመሩን ይስታል? ውፍረቱስ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው? እ.ኤ.አ. በ2008 ከላዩ የተሠራው መጠለያ ፀሐዩን ስለሚጋርደው የጥርቡ ጥላ እንደ ጊዮርጊስ ደምቆ አይታይም። ስለዚህ ቀረብ ብለው ከጎን ይዩት። ወደ ውስጥ ሲገቡም ቀና ይበሉ፤ ከማዕከላዊው ክፍል ቅስት በታች በሁለት ተርታ የተደረደሩት ድፍን መስኮቶች እንደ ውጪው ያው ትዕግሥት አላቸው።

መዛኙን የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። ከሁሉ የሚገዝፈው ቤተ መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ በውጪ ዙሪያው ከቆሙት ዓምዶች አንዳንዶቹ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጥገና በድንጋይ የተተኩ ናቸው። የጥንቱን እጅ በእነሱ አይመዝኑ። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን አይተው አቀማመጡ ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ ቢያገኙት በነዳፊው አይፍረዱ። ዴቪድ ፊሊፕሰንን የመሰሉ የሥነ ቁፋሮ ምሁራን ይህና ቤተ መርቆሬዎስ መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያንነት የተፈለፈሉ አይመስሉም ይላሉ። ንድፍ ሊመዘን የሚችለው በታለመለት ነገር ነው።

የእኔን ፍርድ ለሚጠይቅ፣ በውቅር ሥራ የነዳፊው ድርሻ ይበልጣል። መሮ ትንሽ ቢስት ፊቱን በሙሉ ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ መሸፈን ይቻላል፤ ከጣሪያው የተነሣ የልክ ስሕተት ግን ታች ሲደረስ መመለሻ የለውም። በዚህ ሚዛን ቀዳሚው ጊዮርጊስ ነው። በእጅ ሥራ ግን አማኑኤልን የሚደርስበት አላየሁም። አስጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ ጊዮርጊስን ለመጨረሻ ያቆዩታል፤ እርስዎ ከዚያ በፊት አማኑኤል ዘንድ ሰፋ ያለ ጊዜ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ።