ፏፏቴው አለ፣ ሰፈሬ የለም

ካሉኝ 11 የባሕር ዳር ፖስት ካርዶች 7ቱ ባሕር ዳር አይደሉም። ጢስ ዓባይ ናቸው። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ካርዱ ላይ ግን «ባሕር ዳር» ተብሎ ይጻፍና የሚታየው ውሃና ጭስ ነው። ከቀሩት 3ቱ ታንኳ፣ 1ዱ ደግሞ የዘጌዋ የኡራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕል። ያደግኩበት ሽምብጥ የለም። ቅዳሜ ገበያም የለም።

ለኔ ትውልድ ፖስት ካርድ ማለት ሌላ ነገር ነበር። አበባና ልብ ያለበት፣ ለእንቁጣጣሽ የሚሰጥ፣ ጀርባው ላይ ግጥም ተሞጫጭሮ በጓደኛ በኩል ለሚወዷት ልጅ የሚላክ። የገዛ ከተማህ ፎቶ ያለበትን ካርድ ግን ማን ይገዛል? ያ ለፈረንጅ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ያገኘሁት አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ በገጾቹ መሀል እንደ ዕልባት ተሰክቶ ነው። ሻጩ «መጽሐፉን ካልገዛህ ካርዱን ለብቻው አልሸጥም» አለኝ። ገዛሁ። መጽሐፉን እስካሁን አላነበብኩትም።

ካርዶቹን ደርድሬ እንደ ፊልም ልሂሳቸው ብል መጀመሪያ የምጠይቀው ካሜራው የማን ዓይን እንደሆነ ነው። በወረራው ዘመን ጣልያኖች ያተሟቸው የአገራችን ካርዶች መልሱን አይደብቁም፦ መሬቱ የኛ ነው፣ ሰዎቹም አብረው ያሉ ዕቃዎች ናቸው ይላሉ። የኔዎቹ አብዛኞቹ ግን እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ናቸው፤ ኢትዮጵያ ራሷን በራሷ ለጎብኚ ማሳየት የጀመረችበት ጊዜ። የቱሪስት ድርጅቱ በ1961 ተቋቋመ፤ መሪው ሀብተ ሥላሴ ታፈሰም «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር አመጡ። አገርን ከባዕድ ካሜራ ቀምቶ በራስ አንደበት ማስተዋወቅ ቀላል ሥራ አልነበረም፣ እኔም አላቃልለውም። ነገር ግን ካሜራው የኛ ሲሆንም የሚያየው ፈረንጁ ማየት የሚፈልገውን ነው።

በእነዚያው ዓመታት ባሕር ዳር ምን ትሠራ ነበር? ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1961፣ ፖሊ ቴክኒኩ ደግሞ በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ በ1963 ተከፍተዋል። ሰው በፈረቃ እየገባ እየወጣ ነው። ከተማው እያደገ ነው። ካርዶቼ ላይ ግን ፋብሪካ የለም፣ ተማሪ የለም፣ አንድ ብስክሌት እንኳን የለም። ባሕር ዳር ያለ ብስክሌት! በቃ፣ ይሄን የሚያምን ባሕር ዳርን አያውቃትም።

ታንኳዎቹ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ዝምታ አለ። ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ታንኳ መሥራት ከድሮ ጀምሮ የነገደ ወይጦዎች ሙያ ነው፤ እነሱ ደግሞ በገዛ ሐይቃቸው ዳር በጎረቤት ሲገለሉና ሲናቁ የኖሩ ናቸው። የካርዱ መግለጫ የሚያወራው ስለ ጥንታዊነት ብቻ ነው። ሰውየው ተቀዛፊው ላይ የተለጠፈ ጌጥ ይመስላል።

ስለ ፏፏቴውም ሳልናገር አላልፍም፣ ምክንያቱም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ካርዱን ከስልክ ፎቶ ጎን አድርጎ «ድሮና ዘንድሮ» ማለት ፋሽን ሆኗል። እውነት አለው፤ በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙው ውሃ ወደ ተርባይኑ እየተጠለፈ ገደሉ ራቁቱን የሚቀርበት ጊዜ አለ። ግን ካርዱ የተነሣው ክረምቱ ሲወጣ ወንዙ ሞልቶ፣ የስልኩ ፎቶ ደግሞ መጋቢት ላይ ከሆነ ማወዳደሩ ሐቅ አይደለም። ካርዱ ከመጀመሪያውም ከዓመቱ ምርጧን ቀን ነው የመረጠው። በነገራችን ላይ፣ ከሁሉም በላይ የተሠራጨው የጢስ ዓባይ «ፖስት ካርድ» የድሮው 1 ብር ኖት ነው። ፏፏቴው ጀርባው ላይ ነበር። ሳንቲም እስኪተካው ድረስ ታክሲ ውስጥ እየተጨማደደ፣ በላብ እየራሰ፣ በኛው እጅ ኖረ። ያቺን ማንም አልሰበሰባትም።

እስከዚህ ድረስ ሂሴን በልበ ሙሉነት ጽፌ ነበር። ከዚያ ለበዓል ቤት ስሄድ ካርዶቹን ለአክስቴ አሳየኋት። አክስቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። ፏፏቴዎቹን እንደ ካርታ ጨዋታ አንድ በአንድ አሳለፈቻቸው። አንዷ ታንኳ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ መነጽሯን አስመጣች።

«ይሄ እኮ እንጨት ነው» አለች።

እኔ ያላየሁት ነበር። ከቀዛፊው ፊት ያለውን ጥቁር ክምር የታንኳው አካል ነው ብዬ አልፌው ኖሬያለሁ።

«ከዘጌ ነው የሚመጣው። ማልዶ ካልደረሰ ይረክሳል። እኛ ከሌሊት ፈረቃ ስንወጣ ከዳር ቆመን እንጠብቃቸው ነበር፤ ነጋዴ ሳያነሣው እንድንገዛ።»

ፋብሪካውም፣ ፈረቃውም፣ ገበያውም፣ የጠዋት ቡናዋም እዚያች ታንኳ ላይ ተጭነው ነበር ማለት ነው። «የለም» ብዬ የጻፍኩትን ሁሉ ልሰርዘው አሰብኩ፤ ተውኩት፣ ምክንያቱም መግለጫው አሁንም «ታንኳ፣ ጣና ሐይቅ» ብቻ ነው የሚለው፣ አክስቴን ያላገኘ ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ የሚያነብበት መንገድ የለውም።

በስንት እንደገዛሁት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በዚያ ብር ያኔ ስንት ሸክም እንጨት ይገኝ እንደነበር ቁጭ ብላ አሰላችልኝና «ተታለሃል፣ ልጄ» አለችኝ። ካርዱን ግን አልመለሰችልኝም።