የቃል ማደሪያው እስትንፋስ

በዛሬው ዘመን ግጥምና ቅኔ የሚመረመረው አብዛኛውን ጊዜ በዐይን ነው። መርማሪው መጽሐፉን ዘርግቶ ቤት መምታቱን ያያል፤ ቀለሙን ይቈጥራል፤ ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ ከዚህም በኋላ ፍርዱን ይሰጣል። ይህ ሁሉ የሚገባ ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፤ ይኸውም ያ ግጥም በሰው ደረትና ጕረሮ ሲያልፍ ምን ይሆናል የሚለው ነው። በወረቀት ላይ የሚቀረው የቃል ጥላ ነው፤ ቃሉ ራሱ የሚኖረው በእስትንፋስ ነውና። በግዕዝም ነፍስና ነፋስ፣ እስትንፋስም ከአንድ ግሥ መገኘታቸው ይህንኑ ያሳስባል።

ሰው ዝም ብሎ ሳለ አየር የሚስብበትና የሚያወጣበት ጊዜ እጅግ አይራራቅም፤ ከ100 እጅ 40 ያህሉ ለመሳብ፣ 60 ያህሉ ለማውጣት ይውላል። መናገር በጀመረ ጊዜ ግን ሥርዐቱ ይለወጣል፤ ፈጥኖ ይስባል፤ የሳበውንም በዝግታ ያወጣል፤ ለመሳብ የሚውለው ጊዜ ከ100 እጅ ወደ 10 ይወርዳል። በሚወጣውም አየር በጕረሮ ያሉት የድምፅ አውታሮች ይርገበገባሉ፤ ይኸውም በወንድ ድምፅ በ1 ሰከንድ 100 ጊዜ ያህል፣ በሴት ድምፅ 200 ጊዜ ያህል ነው። ሳንባ በሞላ ጊዜ ደረት ተለጥጦ ስለ ነበር ወደ ቦታው ሊመለስ አየሩን በብርቱ ይገፋል፤ ስለዚህ በነገር መጀመሪያ የጡንቻዎች ሥራ መግፋት ሳይሆን መያዝ ነው። አየሩ ካነሰ በኋላ ደግሞ ሌሎች ጡንቻዎች ተነሥተው ይገፉታል። እንግዲህ የመልካም አንባቢ ጥበቡ ብዙ አየር በመሳብ ብቻ አይደለም፤ የሳበውን በመግዛት ነው እንጂ።

ይህን ነገር በብርቱ ከመረመሩት አንዱ በአሜሪካ በኦበርሊን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ሬይመንድ ስቴትሰን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1928 ባወጣው ድርሰት ንግግርን በመጀመሪያ እንደ እንቅስቃሴ ቈጠረው፤ ድምፅ የእንቅስቃሴው መሰሚያ ነው አለ። እያንዳንዱም ክፍለ ቃል ከደረት ጡንቻ በሚነሣ በአንድ ግፊት ይወለዳል ብሎ አስተማረ። የዐሳቡ መሠረት የሚመሰገን ነው፤ ቃልን ከሥጋ ለይተው ይመለከቱ ለነበሩት ሥጋን አስታውሷቸዋልና። ዳሩ ግን ከመጠን አለፈ። በ1950ዎቹ በኤዲንብራ ፒተር ላዴፎጊድና ባልንጀሮቹ የጡንቻን የኤሌክትሪክ ምልክት ቢለኩ፣ ግፊቱ ተጭነው በሚነገሩት ክፍሎች ላይ ጐልቶ ታየ እንጂ በእያንዳንዱ ክፍለ ቃል አልተገኘም። የግዕዝና የአማርኛ ፊደልም በስቴትሰን ትምህርት ላይ ሌላ ምስክር ያቆማል። ቀና ጠ፣ ጸና ጰ ሲነገሩ ጕረሮ ይዘጋል፤ የተዘጋውም ጕረሮ ወደ ላይ ተነሥቶ በእርሱና በአፍ መካከል ያለውን ጥቂት አየር ጨምቆ ያፈነዳዋል። ያ ድምፅ በዚያች ቅጽበት ከሳንባ ምንም አይቀበልም። ስለዚህ ሁሉን ለደረት መስጠት ስሕተት ነው፤ ደረትን መርሳት ግን ከዚያ የባሰ ስሕተት ነው።

የጥንት የዜማ ሊቃውንት ይህን በመሣሪያ ሳይለኩ በሥራ ያውቁት ነበር። ከዜማ ምልክቶች አንዱ ደረት መባሉ በከንቱ አይደለም፤ ድምፁ ወደ ታች ወርዶ በደረት እንዲነገር ያዛል። ይዘት መያዝን፣ ቍርጥ መቍረጥን፣ ርክርክ ድምፅን ማንቀጥቀጥን ያመለክታል። በንባብ ቤትም ተማሪው ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ እያለ ይለያል፤ ይህም ቃሉ የሚነሣበትንና የሚያርፍበትን መማር ነው። እነዚህ ስሞች ለዐይን የተሰጡ አይደሉም፤ ለሰውነት የተሰጡ ትእዛዞች ናቸው።

አንዳንዶች ግን የእጅና የአካል እንቅስቃሴ ለተመልካች የተጨመረ ጌጥ እንጂ ከቃሉ ጋራ የሚገናኝ አይደለም ይላሉ። ይህ አነጋገር በሁለት ነገር ይረታል። መጀመሪያ፣ በ1998 ሁለት አሜሪካውያት ተመራማሪዎች፣ አይቨርሰንና ጎልዲን ሜዶ፣ ከተወለዱ ጀምሮ ዐይነ ስውራን የሆኑ ሰዎች ሲናገሩ እንደ ማንኛውም ሰው እጃቸውን እንደሚያንቀሳቅሱ፣ ይህንንም ለሌላ ዐይነ ስውር ሲናገሩ እንኳ እንደማይተዉ አሳዩ። ማንም ሲያደርገው አይተው አልተማሩትም፤ የሚያይላቸውም አልነበረም። ሁለተኛ፣ በ2020 ዊም ፓውና ባልንጀሮቹ አንድ ድምፅ ሳያቋርጡ የሚያሰሙ ሰዎች ክንዳቸውን ሲያወዛውዙ የድምፃቸው ከፍታና ብርታት ከክንዱ ጋራ እንደሚለዋወጥ ገለጹ፤ ድምፁን ብቻ የሰሙ ሰዎችም የማያዩትን የክንድ ውዝዋዜ በራሳቸው ክንድ ሊከተሉት ቻሉ። የክንድ ክብደት ሲወረወር ግፊቱ ወደ ደረት ይደርሳልና፣ አየሩም አብሮ ይነቃነቃል።

ይህን ይዞ የአቋቋምን ሥርዐት ለሚመለከት ሰው ነገሩ ይገለጥለታል። በዝማሜ መቋሚያው በዝግታ ሲዘነበል ዜማው አብሮት ይረዝማል፤ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ሲገቡ ድምፁም ይበረታል፤ በጽፋት ይፈጥናል። እንቅስቃሴው የዜማው ልብስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልብሱን አውልቆ ዜማውን ማስቀረት በተቻለ ነበር። መቋሚያ ግን የብዙ ሰውን እስትንፋስ በአንድ ጊዜ የሚያስስብ፣ በአንድ ጊዜ የሚያሳርፍ መሪ ነው።

እንግዲህ በዘመኑ ሥራ ላይ መፍረድ ይቻላል። የአማርኛው የወል ቤት 12 ቀለም ይዞ በ6 እና በ6 ይከፈላል፤ አንድ ቤት ያለ ጭንቀት በአንድ ትንፋሽ ይነገራል፤ በመካከሉም አንባቢው የሚያርፍበት ስፍራ አለ። ከአዲሶቹ ገጣሚዎች ብዙዎች ይህን ልክ ትተዋል። መተዋቸው ብቻውን ነውር አይደለም፤ ረጅም ስንኝም ማረፊያው ከታሰበበት መልካም ሊሆን ይችላል። ነውሩ ማረፊያውን ሳያስቡ ስንኙን በወረቀቱ ስፋት መለካት ነው። እንዲህ ያለው ግጥም በጉባኤ ሲነበብ አንባቢው በማይገባው ስፍራ ይተነፍሳል፤ ባለቤቱን ከግሡ ይለያል፤ ምሥጢሩም ይሰበራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ ነው።

የአንባቢዎችም ጥፋት አለ። አንገትን በስልክ ወይም በወረቀት ላይ ደፍቶ፣ ደረትን አጥፎ፣ ክንድን በጐን አስሮ የሚያነብ ሰው ግማሹን ድምፅ ከመነሻው ይቀብረዋል። በተቃራኒው ያለ ልክ የሚወራጨውም አይሻልም፤ እጁ ከቃሉ ክብደት ጋራ ስላልገጠመ ሰሚውን ያደክማል። ሰሚ ደግሞ ትንፋሽ አለው፤ ነገሩ የገባው አድማጭ አየር ወደ ውስጥ ስቦ አዎን ማለቱ በዚህ አገር የታወቀ ነው። መልካም ተናጋሪ ያንን ትንፋሽ ይጠብቃል፤ ችኵል ተናጋሪ ይረግጠዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ትምህርቱ ነው። ዛሬ ዜማንና ቅኔን ከመጽሐፍና ከተቀረጸ ድምፅ ብቻ እንማራለን የሚሉ በዝተዋል። መጽሐፍ ፊደሉንና ምልክቱን ያቈያል፤ ቀረጻ ድምፁን ያቈያል፤ ሁለቱም ታላቅ ጥቅም አላቸው። መምህሩ መቼ እንደ ሳበ፣ የሳበውን በምን እንደ ያዘ፣ ጕልበቱ በየት እንደ ተጠመዘዘ ግን የሚያየው በአጠገቡ የቆመ ተማሪ ነው፤ ሲሳሳት ትከሻውን ይዞ የሚያቃናውም መምህር ነው። ስለዚህ ገጣሚ ድርሰቱን ለማሳተም ከመስጠቱ በፊት ቆሞ በራሱ ድምፅ ያንብበው፤ መርማሪም ከመፍረዱ በፊት እንዲሁ ያድርግ፤ ተማሪም ቀረጻውን ይዞ ወደ መምህሩ ይሂድ።