ጌጁ የሚያየው ኦክስጅንን ነው

“የትኛውን የአየርና ቤንዚን ድብልቅ ጌጅ ልግዛ?” ካምፓላ፣ ካምዎክያ ውስጥ ሞተር የሚያስተካክል አንድ ኢትዮጵያዊ መካኒክ፣ ሱባሩ ቱርቦ ከያዙ ወጣቶች የሚሰማው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ ዋይድባንድ ይሁን፤ ሴንሰሩም ቦሽ ኤልኤስዩ 4.9። ናሮውባንድ ድብልቁ ከ14.7 ለ1 ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን እንጂ በስንት እንደሆነ በአስተማማኝ አይነግርም። ቱርቦው ሲነፋ 11 ይሁን 13 ማወቅ ለሚፈልግ ሰው አይረባም።

ክርክሩ የሚነሳው ጌጁ ከተገጠመ በኋላ ነው።

ቁጥሩ 17 ሲል “ቤንዚን አንሶታል” ብሎ ላፕቶፑን ከፍቶ ቤንዚን የሚጨምር ብዙ ነው። መካኒኩ ይህን አጥብቆ ይቃወማል። ሴንሰሩ የሚለካው በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ነው። አንድ ካንዴላ እሳት ካልሰጠ የዚያ ሲሊንደር አየር ሳይቃጠል ይወጣል፤ ቤንዚኑም አብሮት ወጥቷል፤ ጌጁ ግን “አነሰ” ይላል። ከሴንሰሩ በፊት ያለ ጋስኬት ሲተነፍስም ያው ነው፦ ጭስ በምት በምት ስለሚወጣ በመሃል የውጭ አየር በቀዳዳው ይሳባል። ስህተቱ በሚኒሞ ይጎላል፤ ሞተሩ ሲጫን ይቀንሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩን ሳይሞቅ አስነስቶ፣ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በጨርቅ ጥቂት አፍኖ፣ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ይረጫል። አረፋ የሚሠራበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ቀጥሎ ከኮሎሎ ኮረብታ በማርሽ ሲወርድ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ ያነሳል። ኢንጀክተሮቹ ቤንዚን ሲያቋርጡ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ካልወጣ ሴንሰሩንና ሽቦውን ይመረምራል።

ሙያውን የጀመረው አዲስ አበባ፣ በላዳ ታክሲዎች ላይ ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ቤንዚን ያበዛል። ያስተማሩት ጋሼ ጥቁር ካንዴላ ፈትተው እያሳዩ ያስረዱት ነበር። ጌጅ ካለ ካንዴላ ማየት የድሮ ሥራ ነው ለሚሉት ዛሬም አይሸነፍም፦ አንድ ሴንሰር የሚያሳየው የአራቱን ሲሊንደሮች አማካይ ነው፤ አንዱ ቢራብና ሌላው ቢጠግብ ቁጥሩ ያማረ ሊመስል ይችላል።

ካምፓላ ሲደርስ ሉጋንዳ አይችልም ነበር። ደንበኛውን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ቁጥሩን እያሳየ፣ አራቱን ካንዴላዎች በተርታ ደርድሮ ነው መታመንን ያገኘው። ቋንቋውን ከለመደ በኋላም ባለመኪናው አጠገቡ ሳይቀመጥ ሥራ አይጀምርም።