መርካቶና የፎቶግራፍ ዓይን

ዘመናዊውን የሕንፃ ጥበብ የሚያሳዩ አያሌ ፎቶግራፎችን ተመልክተናል። አብዛኞቹ አንሺዎች አንድ ልማድ ይዘዋል፤ ሰው እስኪያልፍ ጠብቀው ግድግዳውንና ጥላውን ብቻ ያነሣሉ። አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈውና በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ እንዲህ ቢነሣ ብዙ አይጎድልበትም፤ ግርማው በመስመሩና በአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል ነውና። ይኸው ልማድ ወደ መርካቶ ሲሻገር ግን ስሕተት ይሆናል እንላለን።

መርካቶ ራሱ የዘመናዊ ፕላን ውጤት መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። በጠላት ወረራ ዘመን ኢጣሊያኖች ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥተው ወደ ምዕራብ አዛወሩት። ኢግናዚዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ ባወጡት ፕላን፥ ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ሲባል፥ ለአገሬው ሕዝብ የተመደበው ከተማ በዚያ በቀጥታ መስመር ተቀየሰ። (ስመ ጥሩው ለ ኮርቡዚዬ እንኳ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 ለዚሁ አገዛዝ የአዲስ አበባን ንድፍ መሣሉን ስናስብ እናዝናለን።)

እንግዲህ ከፎቅ ላይ ሆኖ ቀጥ ያሉትን መንገዶች ብቻ የሚያነሣ ሰው፥ ሳያውቀው የቀያሹን ወረቀት መልሶ ይገለብጣል። ሕዝቡ በዚያ ወረቀት ላይ ያደረገውን ግን አያሳየንም። እህል በረንዳንና በርበሬ በረንዳን እንመልከት። በረንዳ የሕንፃ አካል ስም ነው፤ ገበያተኛው ግን ከሸቀጡ ስም ጋር አጣምሮ የሰፈር መጠሪያ አደረገው። ይህን ለማሳየት የሚሻ አንሺ ምሰሶውን ጆንያ ተደግፎበት፥ የመንገዱን መስመር ተሸካሚ ሲያቋርጠው ማንሣት አለበት። ካሜራውም ከሰው ትከሻ በላይ ባይወጣ እንመርጣለን።

አንድ ማለዳ በበርበሬ በረንዳ ካሜራችንን ደቅነን ሰው እስኪያልፍ ስንጠብቅ (እኛም ከልማዱ ነጻ አልነበርንም) አንዲት እናት፥ «ልጆቼ፥ ግንቡን ነው ወይስ እኛን ነው የምታነሡት?» አሉን። ግንቡን ነው ብንላቸው ጆንያቸውን ከፊታችን ዘወር ሊያደርጉልን ጎንበስ አሉ። አፍረን እንዲተዉት ለመንናቸው። በዚያ ቀን ካነሣናቸው ሁሉ የምንወደው ያ ጆንያ ያለበትን ነው።

ነገሩ ጊዜ አይሰጥም። አሮጌዎቹ ሱቆች እየፈረሱ ባለመስተዋት ፎቆች እየተተኩባቸው ነው፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰውንም ቃጠሎ አንባቢ ያስታውሳል። ስለዚህ አንሺዎቻችን በየፎቶግራፉ ላይ «መርካቶ» ብለው ብቻ እንዳያልፉ፥ ተራውንና ቀኑን፥ ቢቻል በበረንዳው ሥር ይሸጥ የነበረውንም ሸቀጥ እንዲጽፉልን እንጠይቃለን።