የማይሸከም መስመር፦ የባለቀለም መስታወት ሥራና የባለሙያው አመዛዘን

ባለቀለም የመስታወት ሥዕል የሚባለው፣ ቀለሙ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ገና በምድጃ ሲቀልጥ ከመስታወቱ ጋር የተዋሐደ፣ በንድፍ ልክ ቁራጭ በቁራጭ ተቆርጦ በእርሳስ ዘንግ የተያያዘ፣ ብርሃን ሲያልፍበት ሥዕልነቱ የሚገለጥ ሥራ ነው። ትርጉሙ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ወጥ መስታወት ላይ ባለቀለም ስቲከር ተለጥፎ፣ በስቲከሩም ላይ ጥቁር መስመር ተሰምሮ የቀረበን መስኮት ገዥው እያደነቀ ሲረከብ፣ ተለማማጁም ያንኑ አርአያ አድርጎ ሲቀዳ ማየት የተለመደ ሆኗል። አድናቆት ያለ ቦታው ሲሰጥ የሚጎዳው ገንዘብ የከፈለው ብቻ አይደለም፤ በትክክል የሚሠራው ባለሙያ ገበያ ያጣል፣ ሙያውም ተተኪ ሳያፈራ ይቀራል። ስለዚህ ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳ፣ ከአርብ ገበያ እስከ መካነ ኢየሱስ ባለው የጋይንትና የእስቴ አገር ለቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ለማሠራት የሚነሣ ሰበካ ጉባኤም ሆነ ሙያውን ለመማር የሚነሣ ወጣት፣ መልካሙን ከመናኛው የሚለይበትን ሚዛን አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል።

መስታወት ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ ቀልጦ እንደሚሠራ፣ ኮባልት ሰማያዊ፣ መዳብ እንደ ምድጃው አየር አረንጓዴ ወይም ቀይ፣ ወርቅ ደግሞ የሩቢ ቀይ እንደሚሰጠው፣ ፍሬሙ ቀጥ ማለት፣ ስቱኮውም ውኃ አለማስገባት እንዳለበት በዚህ ጽሑፍ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ይህን ማንም ጠንቃቃ ገዥ ጠይቆ ይደርስበታል። ጠይቆ የማይደርስበት፣ ነገር ግን ዓይኑን ካሠለጠነ ከአሥር እርምጃ ርቀት ሊያውቀው የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መስመሩ ነው። የመስታወት ሥዕል ጥራት በመስመሩ ይታወቃል፤ መስመሩ ሸክም ከሌለበት ሥራው፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የመስታወት ሥዕል ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

በመስታወት ሥዕል ላይ የሚታየው ጥቁር መስመር የእርሳስ ዘንጉ ነው። ዘንጉ ከጫፉ ሲታይ ግራና ቀኙ ሰርጥ ያለው ሲሆን፣ በአንዱ ሰርጥ አንደኛው ቁራጭ፣ በሌላው ጎረቤቱ ይገባል፤ ሁለት ዘንጎች በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ በቆርቆሮና በእርሳስ ቅልቅል ይበየዳሉ፤ ከዚያም በሰርጡና በመስታወቱ መካከል የቀረው ክፍተት በብሩሽ በሚገፋ ስቱኮ ይሞላል። እንግዲህ መስመሩ የሚወለደው ከግድ ነው፤ ሁለት ቀለም ስለሚገናኝ፣ ወይም አንዱ ቁራጭ ከሚገባው በላይ ስለሚተልቅ፣ ወይም መስታወት በዚያ ቅርጽ ሊቆረጥ ስለማይችል ይመጣል። ከነዚህ ከሦስቱ ምክንያቶች አንዱ የሌለው መስመር ሐሰተኛ መስመር ነው።

ሦስተኛው ምክንያት፣ ማለትም የመቆረጥ አለመቻል፣ ከሁሉ የበለጠ ምስክርነት የሚሰጥ ሆኖ ሳለ ከሁሉ ያነሰ የሚታወቅ ስለሆነ በሰፊው ሊብራራ ይገባል። መስታወት የሚቆረጠው፣ በተለምዶ አልማዝ በሚባለው መሣሪያ ላዩ ተጭሮ፣ ጭረቱን ተከትሎ እንዲሰነጠቅ በእጅ በመጫን ነው፤ ስንጥቁም አንድ ጊዜ ከተነሣ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ መሮጥ እንጂ በመሃል ቆሞ ወደ ጎን መታጠፍ አያውቅም። በዚህ የተነሣ ወደ ውስጥ የሚገባ ሹል ማዕዘን ያለው ቁራጭ በእጅ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም፤ ለዘብ ያለ ጉብጠት ግን በፒንሳ ጥቂት በጥቂት እየተነከሰ ይወጣል። ከአንድ ቁራጭ መሃል ክብ ቀዳዳ ማውጣትም እንዲሁ በአልማዝ የሚሞከር ሥራ አይደለም።

ከዚህ ሕግ ሁለት ፈተናዎች ይወጣሉ፤ ሁለቱም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ላይ ከማይጠፉ ቅርጾች ጋር የተያያዙ ናቸው። አንደኛው የመስቀል ፈተና ነው፦ ከአንድ ወጥ ቁራጭ የተቆረጠ መስቀል በክንዶቹ መጋጠሚያ አራት ወደ ውስጥ የሚገቡ ማዕዘናት ስለሚኖሩት፣ በእውነተኛ ሥራ መስቀሉ ቢያንስ ክንዶቹ ከግንዱ በሚለዩበት ቦታ በእርሳስ ተከፍሎ መታየት አለበት። ሁለተኛው የአክሊለ ብርሃን ፈተና ነው፦ በቅዱሱ ራስ ዙሪያ ያለው ክብ በሰማያዊ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ከሆነ፣ ሜዳው ክቡን እንደ ቀለበት ከብቦ በአንድ ቁራጭ ሊያድር ስለማይችል፣ ከክቡ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ጠርዝ ወይም ወደ ሌላ መስመር የሚሄዱ ዘንጎች የግድ መኖር አለባቸው። አክሊሉ ብቻውን በወጥ ሰማያዊ ላይ ተንሳፍፎ፣ ከዙሪያው አንድም መስመር ሳይወጣ የታየ እንደሆነ፣ ያ ሥራ የተለጠፈ ወይም የተቀባ እንጂ የተገጣጠመ መስታወት አይደለም። በውኃ ግፊት የሚቆርጥ ማሽን እነዚህን ቅርጾች ማውጣት ይችላል የሚል ይኖራል፤ ይሁን እንጂ ማሽኑ የቆረጠው የውስጥ ማዕዘን ጫና ሁሉ የሚከማችበት ነጥብ ሆኖ ስለሚቀር፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከሚታየው ከጉና ተራራ ሥር ባለው ደጋ፣ ሌሊቱ ቆፈን ቀኑ ጠራራ ፀሐይ በሆነበት አየር፣ ስንጥቁ የሚነሣው ከዚያው ነጥብ ነው።

ከነዚህ ሁለት ፈተናዎች በኋላ የሚቀሩት ማረጋገጫዎች አጫጭር ናቸው። መስመሩ በቀለም መሃል ተጀምሮ በቀለም መሃል የሚያልቅ ከሆነ ሐሰተኛ ነው። ከውስጥ የታየው መስመር ወደ ውጭ ወጥቶ ሲታይ በዚያው ቦታ ከነብየዳው እብጠት ከሌለ ሐሰተኛ ነው፤ ከወጥ መስታወት ፊት የተለጠፈ ቀጭን የእርሳስ ጥብጣብ ብዙውን ጊዜ የሚጋለጠው በዚህ ነው። የፊት ገጽታ፣ የእጅ ጣትና የልብስ እጥፋት የሚሣልበት ቀለም፣ ከብረት ወይም ከመዳብ ዝገትና ከተፈጨ መስታወት ተቀላቅሎ ከ600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በምድጃ የሚጋገር መሆን አለበት፤ ሳይጋገር የተቀባ ቀለም በጥፍር ሲፋቅ ይነሣል፣ ስቲከርም በደጋ ፀሐይ ቀለሙ እየነጣ ይሄዳል።

የሐሰተኛው መስመር ምንጭ ስንፍና ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ብዙዎቹ ተለማማጆች ወደ መስታወት የሚመጡት ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሆን፣ በዚያ ባህል ጥቁሩ መስመር የቅርጹ ወሰን ነው፤ ሠዓሊው በጨርቅ ወይም በግድግዳ ላይ ዓይኑን፣ አፍንጫውንና እጥፋቱን በነጻነት ያሰምርበታል፣ መስመሩም ከመታየት በቀር ሌላ ግዳጅ የለበትም። ተለማማጁ ይህንኑ ልማድ ወደ መስታወት ሲያሻግር፣ መስመር መሸከም ያለበት ቦታ ላይ እንዲያጌጥ ብቻ ያደርገዋል። ሥዕል ማወቅ ለመስታወት ሥራ መግቢያ በር እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ማንም ሠዓሊ በራሱ እጅ ሳይቆርጥ ለመስታወት መንደፍ የለበትም።

ይህ ጥበብ ለአገሩ ባዕድ ነው የሚለው ሰበብም አያስኬድም። ከጋይንት ወደ ምሥራቅ፣ ጨጨሆን አልፎ በላስታ ተራሮች ዋሻ ውስጥ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መስኮቶች መስቀልን በፍርግርግ ያሳያሉ፤ መስታወት ባይኖራቸውም፣ እያንዳንዱ ዘንግ ከሌላው ጋር ተያይዞ እርስ በርሱ የሚሸከም በመሆኑ፣ ብርሃኑ የሚገባበት ክፍተትና ክፍተቱን የሚያቆመው አካል አንድ ላይ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በአውሮፓ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሻርትር ካቴድራልን መስኮቶች የሠሩ ባለሙያዎች በእርሳስና በመስታወት የደረሱበትን ሕግ፣ የላስታ ጠራቢዎች በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር። ከዚህ ሌላ አስተማሪ የሚፈልግ ተለማማጅ በመጀመሪያ የይምርሐነ ክርስቶስን መስኮቶች በወረቀት ላይ ይገልብጥ።

በኢትዮጵያ የዘመናዊ መስታወት ሥዕል ታሪክ ውስጥ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ነው፤ የሥልጠናው መንገድም ለዛሬው ተለማማጅ ሊያስተምር ይችላል። አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1932 በአንኮበር ተወልዶ በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ ይሁን እንጂ ዝንባሌው ወደ ሥነ ጥበብ ስለነበረ በለንደን በሚገኘው ማዕከላዊ የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ ትምህርት ቤት ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና ሥነ ሕንጻ ተማረ። በ1954 ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእይ ካሳየ በኋላ፣ በቃኝ አላለም፤ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዶ በልዩ ልዩ አገሮች የባለቀለም መስታወት ንድፍን አጠና፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን የኢትዮጵያ ብራናዎች ሥዕሎችም መረመረ። በትምህርት ቤት ስሙ የተመሰከረለት ሠዓሊ ለመስታወት ሲል እንደገና ተማሪ መሆኑ፣ በጥቂት ሳምንት ልምምድ ባለሙያ ነኝ ለሚል ሁሉ በቂ መልስ ነው።

የዚያ ትምህርት ፍሬ የሆነው መስኮት፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀውና በአርክቴክት አርቱሮ መዘዲሚ በተነደፈው በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ይገኛል። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውና በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ ትግልና የወደፊት ተስፋ የሚተርከው ይህ መስኮት፣ ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በተፈረመበት ሕንጻ ውስጥ ያለ ነው፤ አዳራሹም ታድሶ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 እንደገና ተከፍቷል። በአገር ልብስ ችቦ ይዘው ወደፊት የሚራመዱት የኢትዮጵያ ቤተሰብ አባላት ፊት የቆመ ተመልካች፣ የልብሱ እጥፋትና ከኋላው ያለው ሜዳ በሾሉ ገጾች ተሰባብረው የተገጣጠሙ መሆናቸውን ያስተውላል፤ ያ መሰባበር የአፈወርቅ የአሣሣል ጠባይ ብቻ ሳይሆን መስታወት የሚፈቅደውን ቅርጽ ከንድፉ ጀምሮ ማወቁን የሚያሳይ ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ የሰበካ ጉባኤ አባል ይህን አዳራሽ ሳያይ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም የመስኮቶቹን ብርሃን ሳይመለከት ውል መፈረም የለበትም። አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያርፍ የተወው ትልቁ ትምህርት፣ ሠዓሊ ለቁሱ የመታዘዝ ግዴታ እንዳለበት ነው።

የሥልጠናን ሥርዓት በተመለከተ የጋይንትና የእስቴ ሰው አርአያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አይኖርበትም። የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ ምስክር ቤት የሆነችው ቤተልሔም በጋይንት ናት፤ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሆነችው ዙር አባም በዚያው ምድር ትታወቃለች፤ የቆማ ዜማም ስሙን ያገኘው ከዚሁ አካባቢ ነው። ከየአገሩ የሚመጣ ደቀ መዝሙር ድጓውን በየጉባኤ ቤቱ ለዓመታት ሲቀጽል ኖሮ፣ በመጨረሻ ቤተልሔም ወርዶ ዜማውንና ምልክቱን በመምህሩ ፊት ያስመሰክራል፤ አንዲት ምልክት ያለ ቦታዋ ብትገኝ መምህሩ አያልፋትም፣ ድምፁ ማማሩም ስሕተቱን አይሸፍንለትም። የቀደሙት የቤተልሔም መምህራን ክብር የቆመው በዚህ አለማለፍ ላይ ነው፤ ምስክርነታቸው ከጎጃም እስከ ትግራይ የታመነው፣ ያልበሰለውን ተማሪ አዝነውለት ስላላስመሰከሩት ነው። የመስታወት ባለሙያም በዚህ ልክ ሊመዘን ይገባል፦ መጀመሪያ ቀጥታ መስመር፣ ቀጥሎ ጉብጠት፣ ቀጥሎ እርሳስ መግጠምና ብየዳ፣ ቀጥሎ ቀለም መሣልና መጋገር ይማር፤ ንድፍ የመጨረሻው መዓርግ ይሁን። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ በንድፍ የጀመረ ተለማማጅ፣ ሐሰተኛ መስመር ማስመሩ አይቀርም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በአንድ አሠራር ሊጠቃለል ይችላል። ሰበካ ጉባኤው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት፣ በሰማያዊ ሜዳ ላይ አክሊለ ብርሃን ያለበት፣ ወርዱና ቁመቱ ከግማሽ ሜትር የማይበልጥ ናሙና ያሠራ፤ ናሙናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ከፊትም ከኋላም ይመልከት፤ ከክቡ የሚወጡትን መስመሮች አንድ በአንድ እየተከተለ እያንዳንዳቸው ከሌላ መስመር ወይም ከፍሬም መድረሳቸውን ያረጋግጥ፤ አንዱ እንኳ በመንገድ የቀረ እንደሆነ ሥራውን ይመልስ። ባለሙያው ተመልሶ በትክክል ከሠራ ሥራው ይሰጠው፣ የሚገባው ዋጋም ሳይቀነስ ይከፈለው፤ ምክንያቱም ርካሹን መርጦ በጥቂት ዓመት ሁለተኛ የሚያሠራ ደብር ከሁሉ አብልጦ የከፈለ ደብር ነው።